“መርከቡ ደረሰ ወይ?” - የሐራ ክረምትና የታይታኒክ ሁለተኛ ካሴት

በዚህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ፍቅር ነው። ማን ማንን ተወ፣ ማን ለማን ቀለበት አሰረ፣ ማን በማን ቀና… እሱን ለዛሬ እንተወውና እስቲ ሽርሽር ልውሰዳችሁ። የምንሄደው ሶደሬ ወይም ላንጋኖ እንዳይመስላችሁ። ሰሜን ወሎ፣ ሐራ ነው። “ሐራ ደግሞ የት ነው?” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አትፈሩ፣ አብረን ነው የምንደርሰው። ፍቅሩም አይቀርባችሁም፣ እዚያው ቆላ ውስጥ ይጠብቀናል።

እናቴ የሐራ ልጅ ናት። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ካርዳችንን ተቀብለን ሳምንት አንቆይም ነበር። ሐምሌ ሲጠባ አጎቴ እኔንና ታናሽ እህቴን ይዞ ወደ አያቴ ነው። እናቴ ግን በክረምት አትመጣም፤ ሥራዋ አይለቃትም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

ከለሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ ተራ። ብርዱ፣ የወያሎች ጩኸት፣ ጣራ ላይ የሚታሰረው ሻንጣና ማዳበሪያ። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ እንገባለን። በዚህኛው አፉ ጉም፣ በዚያኛው አፉ ገደል። ልጆች ሁላችን እንጮሃለን፣ ትልልቆቹ ያማትባሉ ወይም “ቢስሚላህ” ይላሉ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ፣ ከሚሴ ላይ ሙቀት፣ ከኮምቦልቻ በኋላ ደግሞ ያ የደሴ ዳገት። በዚያን ዘመን አራት መቶ ኪሎ ሜትሯ ደሴ የአንድ ቀን መንገድ ስለነበረች እዚያ ይታደራል። በማግስቱ ሐይቅን በስተቀኝ እያየን፣ አምባሰልን እየታከክን ውጫሌ እንደርሳለን። አጎቴ ሁልጊዜ ውጫሌ ላይ ሲደርስ መምህር ይሆንብናል፤ “ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመው እዚህ ነው፣ አንቀጽ 17 ምን ይላል?” ብሎ ያፋጥጠናል። እኛ ግን ሐሳባችን መርሳ ላይ ነው። ማንጎና ፓፓያ በመስኮት የሚገባው እዚያ ነዋ!

ከአዲስ አበባ ወደ 520 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ወልዲያ ስንገባ ጀርባችን ተቆርጧል። ከዚያ በአይሱዙ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው። ደጋው በስተኋላ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይቀራል፣ ፊት ለፊት ሜዳው ይዘረጋል። አየሩ ይሞቃል፣ ግራሩ ይበዛል፣ ግመል ይታያል። የሐብሩ ወረዳ በዚህ በኩል የሚያዋስነው አፋርን ነው፤ ስለዚህ ሐራ የሁለት አገር በር ናት ማለት ይቻላል። ስሟም ከገበያዋ ጋር ተጣብቆ “ሐራ ገበያ” የሚሏት ብዙ ናቸው። በገበያ ቀን ከቆላው ፍየልና ግመል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል። አፋሩ ወገቡ ላይ ጊሌውን ታጥቆ ከነጋዴዋ ጋር በአማርኛ ይከራከራል፣ ነጋዴዋ ደግሞ በአፋርኛ ትመልስለታለች። ማንም የማንን ቋንቋ ቻልሁ ብሎ አይኮራም፤ ካልቻለ አይሸጥም፣ በቃ።

የሐራ ክረምት

የአዲስ አበባ ክረምት ጭቃና ካፊያ ነው። የሐራው ሌላ ነው። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ወደ ማታ ከደጋው በኩል ሰማዩ ይጠቁርና ዝናቡ እንደ ሠራዊት ይመጣል። ደረቅ የነበረው ወንዝ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጎርፍ ሆኖ ያገሳል። ማሽላው ከኛ ቁመት በላይ ነበር። በለስ እንለቅማለን፣ እሾሁ ጣታችን ላይ ይቀራል፣ አያቴ ማታ በኩራዝ ብርሃን አንድ በአንድ ትነቅልልናለች። ወደ ጳጉሜን ግድም ጥንቅሽ ከተገኘማ ከንፈራችን እስኪቆስል እንመጠምጣለን።

አያቴን “እማማ” ነው የምንላት። ቁመተ ረጅም፣ ወሬ የማታበዛ፣ ስትስቅ ግን ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ። አንድ ነገር ሲያስከፋን፣ ስንወድቅ፣ ስንፈራ፣ “አብሽር” ትለናለች። የወሎ “አብሽር” ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው። አይዞህም ነው፣ ይነጋልም ነው፣ እኔ አለሁም ነው።

የክረምቱ ትልቅ ቀን ደግሞ የነሐሴው ሶደቃ ነበር። አያቴ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ፍየል ታሳርዳለች። ሽማግሌዎች መጥተው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ክርስቲያኖቹ ፍልሰታ ስለሚሆንባቸው ለብቻው የጾም ይሠራላቸዋል፤ ቡናው ግን የጋራ ነው፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም። እኛ ልጆች ሥጋ እስኪበቃን እንበላለን፣ ግቢው ውስጥ እስኪጨልም እንሯሯጣለን። ለምን እንደሚደረግ ጠይቀን አናውቅም። ለዝናቡ ይመስለን ነበር። ከልጅነቴ ሁሉ ደስ ያለኝ ቀን የቱ ነው ብትሉኝ ያ ቀን ነው።

ሃምሳ ሳንቲም የተከፈለበት ፍቅር

ክረምት 1991 ዓ.ም. ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ አሥራ ሰባቷ ነበር። እሷ እዚያው ከአያቴ ጋር ነው ያደገችው። አንድ ልጅ እግር ሰውዬ በገበያ ቀን ጄኔሬተር አስነስቶ፣ በመጋረጃ በጨለመች አንዲት ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ያሳይ ነበር። ለትልቅ አንድ ብር፣ ለልጅ ሃምሳ ሳንቲም። የህንድ ፊልም፣ ካራቴ፣ አርኖልድ… አንድ ቀን ግን በር ላይ “ታይታኒክ” የሚል ካርቶን ተሰቀለ። አዲስ አበባ ውስጥ ያኔ የነሱን ፎቶ ያለጠፈ ሱቅ ነበር እንዴ? ሐራም ደረሰ!

የጄምስ ካሜሩን ፊልም እንደምታውቁት ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። በቪዲዮ ሲወጣ ሁለት ካሴት ነበር። ሰውዬው አንደኛውን ካሴት ከተተና ገና ሲጀምር ወደፊት ማጠንጠን ጀመረ። ባሕር ውስጥ የሚገባ ነገር፣ አንዲት ሸበቶ አሮጊት፣ ጭቅጭቅ… “ይሄ ወሬ ብቻ ነው፣ አሮጊቷ ናት የምታወራው። ዋናውን ላሳያችሁ” አለን። ማን ይቃወማል? ሁላችንም ዋናውን ነው የፈለግነው።

ዋናውንማ አየን። ሀብታሟ ልጅ በእናቷ ግፊት ለማትወደው ሰው ታጭታለች፣ ደሀው ሠዓሊ በቁማር ባገኘው ትኬት ይሳፈራል፣ መርከቧ አፍንጫ ላይ ሁለቱ ክንድ ይዘረጋሉ። አንድም ሰው እንግሊዝኛ አልሰማም፣ ግን ያልገባው ሰው አልነበረም። ያለ ፈቃድ ማጨት፣ የሀብታም አማች መፈለግ፣ የድሀ ልጅ መውደድ… ይሄ ለሐራ ሰው ምኑ አዲስ ነው? የአክስቴ ልጅ ዐይኗን አልነቀለችም። ከዚያ መርከቧ ከበረዶ ክምር ጋር ተላተመች፣ ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ካሴቱም “ቀጭ” ብሎ አለቀ።

“ሁለተኛውስ?”

“ሁለተኛው ደሴ ነው ያለው። ለሚቀጥለው ገበያ ይመጣል።”

ቤቱ ተንጫጫ። ግማሹ ብሩን መልስ አለ። ሰውዬው መሐላ ገባ፣ እኛም ወጣን።

ማታ ቡና ላይ የአክስቴ ልጅ ፊልሙን ለአያቴ ተረከችላት። እናንተዬ፣ እንዴት እንደተረከችው! ልብሱን፣ እራቱን፣ የእናትየዋን ቁጣ፣ ልጁ ሲስላት… (እሷን እንኳ ሥዕሉ ላይ ልብስ አልብሳታለች፣ አያቴ ፊት እንዴት ታድርግ!)። አያቴ ስኒዎቹን እያጠበች ሰማች። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

“መርከቡ ደረሰ ወይ?”

“እንጃ እማማ፣ ካሴቱ አለቀ።”

“ታዲያ ጠይቁ እንጂ” አለች።

በየገበያው ቀን ጠየቅን። “ለሚቀጥለው” አለን። ነሐሴ አለቀ፣ ሶደቃው ተበላ፣ ጳጉሜን መጣ፣ እኛም ሁለተኛውን ካሴት ሳናይ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን።

“ደረሰ” ያልኩበት ቀን

አዲስ አበባ ጓደኛዬ ቤት ሁለተኛውን ካሴት አየሁት። እናንተም ታውቁታላችሁ። መርከቧ ለሁለት ትሰበራለች። ልጅቷ እንጨት ላይ፣ ልጁ ውሃው ውስጥ። ልጁ ይሞታል። የአሥራ ሁለት ዓመት ጎረምሳ አያለቅስም ብዬ ፊቴን በትራስ ሸፈንኩ።

በሚቀጥለው ክረምት ሐራ ስንደርስ፣ ገና ሻንጣው ሳይፈታ፣ አያቴ አስታወሰች።

“አንተ፣ ያ መርከብ ደረሰ ወይ?”

ፊቷን አየሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እውነቱ ከአፌ አልወጣ አለ። “ደረሰ እማማ። ሁሉም በሰላም ገቡ” አልኳት።

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። “አብሽር” አለችኝ፤ “እኔም ለእናትህ እንደዚያው ነው ያልኳት።”

የአክስቴ ልጅ ከኋላ ሆና ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አልገባኝም። የትልቅ ሰው ነገር ነው ብዬ ወደ በለሱ ሮጥኩ።

አደራው

አያቴ በ2006 ዓ.ም. ዐረፈች። ለቀብር ሁላችንም ወረድን። ከተቀበረች በኋላ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እናቴ መጡ። ገበያ ውስጥ ጨው ሲሸጡ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ሰው ናቸው። “ልጄ፣ እናትሽ የጣለችብኝ አደራ አለ። እሷ በሕይወት እያለች እንዳልናገር አስምላኛለች። ዛሬ ልወጣው” አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወሎን ሲያራግፍ፣ እናቴ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባች። ታናናሾቿ ሐራ ቀሩ። አባቷ፣ አያቴ ማለት ነው፣ በዚያው ዓመት በሠፈራ ተሳፈረ። የሠፈራውን ታሪክ ታላላቆቻችሁ ያውቁታል፤ መንግሥት በዚያና በተከታዩ ዓመት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛውን ከወሎ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል አጓጓዘ። ግማሹ በውድ፣ ግማሹ በግድ። አያቴ በውዱ ከሄዱት ነው። እሱ ከወጣ የሚሰፈረው እህል ለሚቀሩት ልጆች ይበቃል ብሎ አስቦ ነው። “አገሩን ልይና እልክባችኋለሁ” ብሎ ካሚዮን ላይ ወጣ። አሶሳ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሠፋሪ በእግሩም በመኪናም ወደ ወሎ ተመለሰ። እኚህ ጨው ሻጭ አንዱ ናቸው። አያቴ ጋ መጡና እውነቱን ነገሯት። ባሏ የሞተው ገና በመጀመሪያው ክረምት ነው። ነሐሴ ላይ፣ በወባ። የቀበሩትም እሳቸው ናቸው።

እናቴ ግን የሰማችው ሌላ ነበር። “አባትሽ ደህና ደርሷል፣ እዚያው መሬት ይዞ ተቀምጧል” ነው የተባለችው። ደህና ከሆነ ለምን አይጽፍም? ለምን አይመጣም? እናቴ የራሷን መልስ ሰጠች፤ ሌላ ሚስት አግብቷል፣ ረስቶናል። እኛ ቤት የእናቴ አባት ስም አይነሳም ነበር። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት የቤተሰብ ዛፍ ሥሩ ተብለን ስሙን ብጠይቃት “እሱን ተወው” ብላ ወጥ ቤት ገባች።

አሁን አስቡት። እናቴ በአንድ ቀን ሁለት ሞት ሰማች። እናቷን ቀብራ ሳትጨርስ የአባቷ መርዶ ደረሳት፣ ያውም ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ። “አባቴን ሳላለቅስለት! የሞተን ሰው ስረግመው!” እያለች ደረቷን መታች። ሴቶቹ ሊይዟት አልቻሉም። እኔ ጥግ ቆሜ ስለዚያ ፍየል አስብ ነበር፤ የልጅነቴ የደስታ ቀን የአያቴ የሐዘን ቀን ኖሯል። በየዓመቱ ሥጋውን እያጎረሰችን፣ ስንሯሯጥ እያየችን፣ ባሏን ለብቻዋ ታለቅስ ኖሯል።

ከጅዳ የመጣ ስልክ

የአክስቴ ልጅ ለቀብሩ አልደረሰችም። እንደ ብዙዎቹ የወሎ ሴቶች ልጆች አረብ አገር ናት፣ ጅዳ። የዚያን ቀን ማታ ደወለች። “አንቺ ታውቂ ነበር?” አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ሁሉን ነገረችኝ።

እኛ በጳጉሜን ወደ አዲስ አበባ ከሄድን በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሰውዬው ሁለተኛውን ካሴት ከደሴ አመጣው። የአክስቴ ልጅ ለአያቴ ስትነግራት አያቴ ነጠላዋን ለብሳ ተነሳች። “እኔም አየዋለሁ” አለች። እዚያ ቪዲዮ ቤት አሮጊት ገብታ አታውቅም። ጎረምሶቹ ቦታ ለቀቁላት፣ ሰውዬውም ብሯን አልቀበልም አለ። እስከ መጨረሻው አየችው። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደምታስታውሱት ያቺ አሮጊት ትመጣለች። ልጅቷ ናት፣ ሰማንያ አራት ዓመት አልፏት። አልጋዋ አጠገብ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ ፈረስ ስትጋልብ፣ ልጆች ወልዳ፣ ዓለምን ዞራ። ልጁ ሲሞት “ኑሪ” ብሎ አስምሏት ነበር፣ ኖረችለት። ያገባችው ባል እንኳ ስለዚያ ልጅ አንድ ቃል ሰምቶ አያውቅም።

አያቴ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ለአክስቴ ልጅ እንዲህ አለቻት፤ “አሮጊቷን ለምን ዘለላችሁብኝ?”

ጥቂት ሄዱና ደግሞ “እንጨቱ ለሁለት ስላልበቃ ነው እኮ” አለች። የዚያን ዕለት ሌሊት ነው ስለ ባሏ የነገረቻት። ወሬው ሲደርሳት እናቴ ታናሽ እህቴን ወልዳ አራስ ነበረች። ለአራስ መርዶ አይነገርም። አርባዋ ይውጣ አለች። አርባዋ ሲወጣ ሕፃኗ ታመመች። ትዳን አለች። ስትድን ደግሞ ዓመት አለፈ፣ “እስካሁን ለምን ደበቅሽኝ?” የምትለውን ፈራች። ዛሬ ነገ ሲባል ውሸቱ ሥር ሰደደ።

እኔን “መርከቡ ደረሰ ወይ?” ብላ ስትጠይቀኝ ታዲያ ፊልሙን አይታው ነበር ማለት ነው። የጠየቀችኝ ለማወቅ አልነበረም። ልጅ ያንን ጥያቄ ምን ብሎ እንደሚመልስ ማየት ፈልጋ ይሆናል። እኔም እንደሷው መለስኩ።

ፊልሙን ደግሜ ሳየው

ከዚያ በኋላ ታይታኒክን ደግሜ አየሁት፣ ሳላጠነጥን። እውነተኛዋ መርከብ የሰጠመችው በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ.ም. ነው። አፄ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ፣ የጅቡቲው ባቡርም አዲስ አበባ አልደረሰም። ከ2,200 ያህል ተሳፋሪ ከ1,500 በላይ አለቀ። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ 20 ብቻ ስለነበሩ ቢሞሉ እንኳ ከግማሹ ብዙም ያልበለጠ ሰው ነበር የሚይዙት። ከታች፣ ሦስተኛ ማዕረግ ከተሳፈረው ድሀ ደግሞ የተረፈው ጥቂቱ ነው። ጃክና ሮዝ የፈጠራ ሰዎች ናቸው፣ የጀልባው ማነስ ግን ፈጠራ አይደለም።

ጎረምሳ ሆኜ ሳየው ፍቅር ማለት መርከብ አፍንጫ ላይ ክንድ መዘርጋት ይመስለኝ ነበር። ብዙዎቻችሁም እንደዚያ ይመስላችኋል፤ በደብዳቤዎቻችሁ አያለሁ። “አብሮኝ ሻማ አላበራም”፣ “ልደቴን ረሳ”፣ “አበባ አላመጣችልኝም”። ይሄ ሁሉ ካሴት አንድ ነው። ያምራል፣ አይናቅም። ካሴት ሁለት ላይ ግን ጥያቄው ይቀየራል። እንጨቱ ለሁለት ካልበቃ ማን ይወርዳል? የወረደውስ ከሄደ በኋላ የቀረው ሰው እንዴት አድርጎ ይኖርለታል? አያቴ ሰባት ልጅ አሳደገች። ካሚዮን ላይ የወጣው ሰውዬ ስሙ በራሱ ልጅ ቤት አይነሳም ነበር፣ እሱም እሷም ግን ተራቸውን አልሳቱም።

ወሎንም ዓለም የሚያውቃት በካሴት አንድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከሐራ በስተሰሜን ኮረም ላይ የተቀረጸው የረሃብ ፊልም በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አስለቀሰ። እዚያ ላይ ካሴቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ እነማን ተመለሱ፣ እነማን ቀሩ፣ የቀሩትን ማን አለቀሰላቸው? ያንን የሚያውቁት አሮጊቶቹ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ “ወሬ ብቻ ነው” ብለን እንዘላቸዋለን።

ሐራ አሁን

ለመጨረሻ ጊዜ ሐራ የሄድኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። ለውጥ ነበረ። በ2007 ዓ.ም. ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር ተጀምሮ ስለነበር፣ እኛ በለስ የለቀምንበትን ሜዳ የአፈር ግድብ ሰንጥቆታል። ልጆች ግድቡ ላይ ወጥተው ሩቅ ያያሉ። “ባቡሩ መጣ ወይ?” ብዬ አንዱን ጠየቅሁት። “ይመጣል” አለኝ፣ ልክ እንደ ቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ወልዲያና አካባቢዋ ከ2013 ነሐሴ እስከ 2014 ታኅሣሥ ምን እንዳዩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኛም ዘመዶች በእግር ወጥተዋል። ስልክ በሌለበት በእነዚያ ወራት እናቴ ሬዲዮኑን ታቅፋ ስትቀመጥ እያየሁ “ደህና ናቸው፣ ደርሰዋል” ማለት ምን ያህል እንደሚቀል፣ ምን ያህልም እንደሚያስፈራ ገባኝ። አላልኳትም። “አላውቅም እማዬ፣ ስሰማ ያንኑ ቀን እነግርሻለሁ” አልኳት። ይህን ቃሌን ጠብቄያለሁ። ክፉውንም በጎውንም።

እንግዲህ ምክሩ…

ምክር ሳልሰጥ ብሰናበታችሁ አዘጋጁም አይለቀኝ። ሦስት ነገር ብቻ ልበላችሁ።

አንደኛ፣ መርዶ አታዘግዩ። ቀን ጠብቁለት፣ ሰው ሰብስቡለት፣ አራስና በሽተኛ ጠብቁ፤ ይሄ የአባቶቻችን ጥበብ ነው። ግን ቀኑን ቁረጡና ያዙት። ያልተቆረጠ ቀን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይሆናል። አያቴ ልጇን ከሐዘን አዳንኩ ብላ ጥላቻ ውስጥ አኖረቻት። በፍቅር ነው ያደረገችው፣ እኔም አልፈርድባትም፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን እናቴ ናት።

ሁለተኛ፣ ከፍቅረኛችሁ ጋር ስትጣሉ “ትወደኛለች? ይወደኛል?” ከማለታችሁ በፊት እስቲ እንጨቱ ሲጠብ እሱ ምን ያደርጋል፣ እሷስ ምን ታደርጋለች ብላችሁ አስቡ። የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ ሥራ ሲጠፋ፣ እናት ስትታመም። መልሱ አበባው ላይ አይገኝም።

ሦስተኛው ቀላሉ ነው፣ ግን ማንም አያደርገውም። አያት ያላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉ። አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ቡናው ላይ ስልካችሁን አስቀምጡና “እማማ፣ አንቺ ልጅ ሳለሽ ማንን ነበር የወደድሽው?” በሏት። መጀመሪያ ትስቃለች፣ ከዚያ “ወግድ!” ትላለች። አትነሱ። በረካው እስኪደርስ ጠብቁ።

እናቴ አሁን በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ቤታችን ሶደቃ ታወጣለች። ለሁለቱም፣ ለአባቷም ለእናቷም። ፍየሉ ይታረዳል፣ ለጾመኞቹ ለብቻው ይሠራል፣ ልጆቼ ግቢው ውስጥ እየጮሁ ይሯሯጣሉ። ባለፈው ዓመት ትልቁ ልጄ ሥጋውን እያኘከ “አባባ፣ ይሄ የምን በዓል ነው?” አለኝ። አስቀመጥኩትና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።